«ከአንድ ሴንቲ በታች ነው» ተብለን ወደ ቤት ተመለስን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ መንገድ ዳር ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው የምገዛው። ማኪያቶዬን ይዤ ከኋላ ገጽ እጀምራለሁ። ባለፈው ሰሞን ስለ እንቅርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጨውና ስለ አዮዲን የተባለው ደህና ነው፣ ነገር የለኝም። የከነከነችኝ ወደ መጨረሻው ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ በልጆች አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም፣ ሲያድጉ ይጠፋል የምትለው። እኔም ይህን አምኜ አራት ወር ተኝቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ቸርችል ጎዳና ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ነው የምሸጠው። ባለፈው አንድ ዓመት ግን ያላነበብኩት ወረቀት፣ ያልነዘነዝኩት ሐኪም የለም። ስለዚህ በነገሩ ውስጥ እንዳለፈ አባት ልመልስላችሁ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ የ5ኛ ክፍል ተማሪ። ነገሩ የታየው በጥምቀት ዋዜማ ነው። ባለቤቴ ሹሩባ እየሠራቻት ነበር፣ ልጅቷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትነጫነጫለች። ጠማኝ አለች። ውኃ ሰጠኋት። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትጎነጭ ከጉሮሮዋ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል አንዲት ነገር ሽቅብ ሄዳ ቁልቁል ተመለሰች። ሽምብራ ታክላለች። ባለቤቴም አይታታለች፤ ማበጠሪያውን ጣለችው። እስቲ ድገሚ አልናት። ደገመች፣ ያቺም ነገር ደገመች። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሆዴ ሊፈነዳ ነው ብላ እምቢ አለች።

ያኔ አላወቅኩም እንጂ ይቺ ሽቅብ ቁልቁል ማለት ራሷ ምርመራ ናት። እንቅርት የሚወጣበት ታይሮይድ ዕጢ ከአየር ቧንቧው ጋር ስለተያያዘ ስንውጥ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በአንገት ጎንና በመንጋጋ ሥር የሚያብጠው ንፍፊት እንዲህ አያደርግም። በኋላ ያየን የልጆች ሐኪም ደግሞ «ምላስሽን አውጪ» አላት። ምላስ ሲወጣ አብሮ ወደ ላይ የሚሳብ እብጠት ሌላ ነው፣ ከልደት ጀምሮ የቀረ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ሊሆን ይችላል። የእሷ አልተሳበም። እሷ ግን ለሐኪም ምላስ ማውጣት መፈቀዱ ገርሟት አምስቴ አወጣችው።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ ፍርድ የሰጠችው እናቴ ናት። «እንቅርት ነው፣ ምን ያስደነግጣችኋል፣ ጨው ቀይሩላት» አለች። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። አንገቷ ላይ ዙሪያውን የዞረ ንቅሳት አለ፤ በልጅነቷ ሲነቅሷት ግማሹን ለጌጥ ግማሹን ለእንቅርት ብለው ነው። አልፈርድባትም። በእሷ ዘመን እንቅርት እንደ ጎረቤት ነበር፣ ከየቤቱ አይጠፋም። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በፈረንጆቹ 2005 ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100ው ወደ 40ዎቹ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጨው መቀየሩ እንግዲህ ጥሩ ነው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመሩም እንዲሁ። ነገር ግን ጨው መከላከያ ነው። አንዴ ተለይታ የወጣች ጉብታ ምን እንደሆነች ጨው አይናገርም። እንቅርት ብለን የምንጠራው ብዙውን ጊዜ ሙሉ ዕጢው ሲያብጥ ነው፤ የልጄ ግን ዕጢው ደህና ሆኖ በውስጡ አንዲት ፍሬ ነበረች። ሐኪሞቹ ኖጁል ይሏታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ሰው ይገድላል። «ዕጢ» የምንለው ሁላችንም አንገት ውስጥ ተፈጥሮ ያስቀመጠችውን ታይሮይድንም ነው፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን እብጠትም ነው። ነርሷ ለባለቤቴ «የታይሮይድ ዕጢዋ ላይ ነው» ስትላት ባለቤቴ የሰማችው «ዕጢ አለባት» የሚለውን ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ለግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ሐኪሞቻችን ይህን እያሰቡ ቢናገሩ ምን አለበት?

ወደ ዋናው ልምጣ። የካቲት ላይ ወደ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ወሰድናት። ስሙን አልጠራም፣ ጸብ አልፈልግም። አልትራሳውንዱ አራት ደቂቃ አልሞላም። የሰጡን ወረቀት ላይ ፍሬ ያለው ነገር አንድ መስመር ነበር፤ በግራ በኩል 9 ሚሊ ሜትር ኖጁል ታይቷል። በቃ። የተቀበለን ሐኪም አየት አደረጋትና «ከአንድ ሴንቲ በታች ነው፣ የናሙና መርፌ አያስፈልገውም፣ ካደገ ትመለሳላችሁ» አለን። ደስ ብሎን ወጣን። ለልጅቷ ኬክ ሁሉ ገዛሁላት። ከዚያ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ መጣ፣ ፈተና ደረሰ፣ አላደገችም እያልን በጣታችን እየነካካን ሰኔ ገባ።

ለመሆኑ ይቺ «አንድ ሴንቲ» ከየት መጣች? የአዋቂ መለኪያ ናት። አዋቂ ሰው ላይ አልትራሳውንድ ከተደረገ ኖጁል ማግኘት ብርቅ አይደለም፣ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በላይ ካሉ ሴቶችማ ብዙዎቹ ላይ ይገኛል። ሁሉንም በመርፌ እንውጋ ቢባል መርፌውም ሐኪሙም ያልቃል። ስለዚህ መጠን ተቀመጠለት፣ ከዚህ በታች ከሆነ ተውት ተባለ። ልጅ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኖጁል ራሱ ብዙ አይገኝም፣ ከ100 ልጆች አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው። ከተገኘ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂው ይበልጣል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር በፈረንጆቹ 2015 ለልጆች ብቻ የሚሆን መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ላይ የተቀመጠው ቁጥር በልጆች ከ22 እስከ 26 በመቶ፣ በአዋቂዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ከዚያም ቀጥሎ በግልጽ ይላል፤ የልጅ ዕጢ ትንሽ ነው፣ ከዕድሜ ጋርም መጠኑ ይለወጣል፣ ስለዚህ መርፌ ይደረግ አይደረግ የሚለውን በሴንቲ ሜትር ብቻ አትወስኑ፣ መልኩን እዩ፣ የልጁን ታሪክ ጠይቁ። የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች፣ ማለትም አልትራሳውንድና ሌላ ምስል የሚያነቡ ሐኪሞች፣ በፈረንጆቹ 2017 ያወጡት የኖጁል መልክ ነጥብ መስጫም ቢሆን ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ እንዳለ ልጅ ላይ ቢደረግ የሚያመልጡት ካንሰሮች አሉ።

ይህን ያነበበ ወላጅ እንዳይደነግጥብኝ። ከአራት ሦስቱ ካንሰር አይደሉም። ካንሰር የሆነውም አብዛኛው ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ልጆች ላይ ወደ አንገት ንፍፊት ቶሎ የመዛመት ጠባይ ቢኖረውም በሕክምና በደንብ ይመለሳል፣ ከታከሙት ልጆች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከብዙ ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። የምከራከረው ስለ ሞት አይደለም። አራት ደቂቃ ታይቶ አንድ መስመር ተጽፎለት ወደ ቤት ስለሚላክ ልጅ ነው።

ሰኔ ላይ ልጅቷ ጉንፋን ይዟት የልጆች ሐኪም ጋ ስንሄድ በነካ እጄ ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበውና ዝም አለ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። አንገቷ ላይ ጨረር ተደርጎላት ያውቃል? በቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት አለ? ድምጿ ጎርንኗል? ሲነካ ድንጋይ ይላል? ጎንና ጎኑን ዳሰሰ። የደም ምርመራ አዘዘ፣ ቲኤስኤች የሚባለውን፣ ታይሮይድን የሚያዘውን ሆርሞን የሚለካውን። ይቺም ምክንያት አላት፤ ቲኤስኤች ዝቅ ካለ ኖጁሏ ራሷ ሆርሞን እያመረተች ሊሆን ይችላል፣ ያኔ መንገዱ ሌላ ነው፣ በኒውክሌር መድኃኒት ክፍል የሚነሳ ሌላ ምርመራ ይቀድማል። የልጄ ልክ ነበር። ስለዚህ «ኤፍኤንኤ ያስፈልጋታል» አለን።

ኤፍኤንኤ ማለት በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ነው። የዕጢ ቲቢ ስለበዛብን ቃሉን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሠፈር ግን ወሬው እንደተሰማ ወረደብን። «ብረት ከነካው ይበተናል»፣ «እገሊትን ወግተዋት አይደል የሞተችው»፣ «ይልቅ ጸበል ውሰዷት»። ጸበሉንም ወስደናታል፣ አይጋጭም። ብረት ይበትነዋል የሚለውን ግን ሐኪሙን አፍጥጬ ጠየቅኩት። መርፌዋ ደም ከሚቀዳበት መርፌ የቀጠነች ናት፣ በእንዲህ ያለ መርፌ ምክንያት ካንሰር ተዛመተ የሚባለው እጅግ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው አለኝ። በመርፌ ምክንያት የሞተች የተባለችው ሴትም ስትወጋ በሽታው ቀድሞ ያለባት ነበረች። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዘግይተን እንሄድና መርፌውን እንከሳለን።

ናሙናውን መጀመሪያ የወሰዱላት ቦታ በእጅ ዳስሰው ነው የወጉት። አልትራሳውንድ አልነበረም። ለትልቅና ላዩ ላይ ላለ እብጠት ይህ ይሠራ ይሆናል። 9 ሚሊ ሜትር ለሆነች፣ ስትውጥ ለምትሸሽ፣ ከምትወራጭ ልጅ አንገት ውስጥ ላለች ነገር ግን በጨለማ ዝንብ እንደመምታት ነው። ሁለት ጊዜ ወጓት። ጮኸች። እኔ እጆቿን ይዤ ነበር፣ ያን ቀን እስካሁን አልረሳውም። በሳምንቱ ውጤት ስንቀበል ወረቀቱ የሚለው «ደም ብቻ፣ ለምርመራ በቂ ያልሆነ ናሙና» ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ስሰማ ኖሬ ተረቱ ቤቴ ድረስ የመጣው ያን ቀን ነው።

በቂ ያልሆነ ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም፣ ወረቀቱን «ምንም የለም ተባለ» ብሎ አጣጥፎ የሚያስቀምጥ አለ። ናሙናው በቂ የሚባለው በተቀባበት መስታወት ላይ ቢያንስ ስድስት የዕጢው ሴሎች ስብስብ ሲገኝ፣ በእያንዳንዱ ስብስብ ደግሞ ቢያንስ አሥር ሴል ሲኖር ነው። ደም ከበዛበት ሴሎቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ ይደገማል። እሱም ቢሆን በማግስቱ አይደለም፤ የተወጋው ቦታ ሲድን የሚያወጣቸው ሴሎች ካንሰር መስለው ሊያሳስቱ ስለሚችሉ ሦስት ወር ጠብቁ ተባልን።

በዚህ መሀል ነው የልጆች የሆርሞን ሐኪም ዘንድ ተልከን፣ እሷም መልሳ ወደ አንዲት ራዲዮሎጂስት የላከችን። አልትራሳውንድ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝታ ከትከሻዋ ሥር ትራስ አደረገችላት፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ጄሉን ስታፈስባት ልጄ «በረዶ ነው!» ብላ ዘለለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይሄ እርጉዝ የሚታይበት አይደለም እንዴ?» አለቻት። «ነው የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ ውስጥ ግን ያለው ቢራቢሮ ነው» አለችና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት። እውነትም ቢራቢሮ ነው፣ ሁለት ክንፍ፣ መሀል ላይ ቀጭን ድልድይ። በግራ ክንፉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀች፣ ሰዓቴን ስላየሁ ነው። እያየች ለእኔም ትነግረኝ ነበር። ኖጁሏ ከዙሪያዋ ይልቅ ጠቆር ካለች ልብ ይባላል። ዳርዳሯ የተስተካከለ ነው ወይስ ጥርስ የበላው ይመስላል? ከስፋቷ ቁመቷ ይበልጣል? በውስጧ ነጭ ጤፍ የተበተነባት የሚመስሉ ነጥቦች አሉ? እነዚያ ጥቃቅን የካልሲየም ክምችቶች ናቸው፣ ከታዩ ጥርጣሬው ይጨምራል። ልጆች ላይ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ አንዳንዴ ጉብታ ሳይኖር ጤፉ በሙሉ ክንፉ ላይ ተበትኖ ይገኛል፣ እሱም የፓፒላሪው አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሙሉ ዕጢው ሳይታይ ጉብታዋ ብቻ ተለክታ አይወጣም። ከዚያ ወደ አንገቷ ጎኖች ሄደች፣ ግራም ቀኝም፣ ከመንጋጋዋ ጀምሮ ከአንገቷ ሥር እስካለው አጥንት ድረስ። ደህና ንፍፊት ባቄላ ይመስላል፣ መሀሉ ነጣ ይላል። ባቄላነቱ ጠፍቶ ክብ ከሆነና መሀሉ ከጨለመ እሱም ናሙና ይፈልጋል። የልጄ ሁሉም ባቄላ ነበሩ። የመጀመሪያው ቦታ ጎኗን ጨርሶ አላየም፤ ወረቀቱ ላይም ስለ ንፍፊት ቃል የለም።

ስለ ሲቲ ስካንም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ወንድሜ «ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ፣ ሲቲ ትነሳ» ብሎ ሊጣላኝ ነበር። የከተማችን ሰው ውድ የሆነ ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። ለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ትንሿን ነገርም በደንብ ያሳያል። ሲቲ ጨረር አለው፤ የልጅ ታይሮይድ ደግሞ ጨረር አይወድም። በፈረንጆቹ 1986 ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ የተበከለ ወተት የጠጡ ልጆች ላይ በሺህ የሚቆጠር የታይሮይድ ካንሰር የታየው ለዚህ ነው። አንድ ሲቲ ቼርኖቤል ነው እያልኩ አይደለም። ሳያስፈልግ ግን ለምን?

መስከረም ላይ ሁለተኛው መርፌ ተደረገ፣ በዚያችው ራዲዮሎጂስት እጅ። በፊት የማደንዘዣ ቅባት ተቀባች፣ ቅባቱ እስኪሠራ አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ በስልኬ ጌም ተጫወተች። ከዚያ በአንድ እጅ አልትራሳውንዱ በሌላው መርፌዋ። የመርፌዋ ጫፍ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ስትገባ አየኋት፣ ኖጁሏ ውስጥ ገባ ወጣ ገባ ወጣ አለች፣ አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ሦስት ጊዜ። «አትዋጪ፣ አታውሪ» ስለተባለች ልጄ ዓይኗን ጨፍና እጄን ጨመቀችኝ እንጂ አልጮኸችም። መስታወቶቹ ላይ ቀቡት፣ ግማሹ ደረቀ፣ ግማሹ ወዲያው አልኮል ውስጥ ገባ። ሁለቱ በተለያየ ቀለም ስለሚቀለሙ ነው።

ከዚያ መስታወቶቹን በፌስታል ለእኔ ሰጡኝ። እንዲህ ነው በእኛ አገር፣ ወጊው ሌላ መርማሪው ሌላ፣ በመሀል ያለው ፖስተኛ አባትየው። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ የልጄን ሴሎች ጭኔ ላይ ይዤ ተቀምጬ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እምቢ አልኩ። የሁለት ሰው ከፈልኩ።

በነጋታው ስልኬ ጮኸ። ፓቶሎጂስቱ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ሐኪም፣ ራሱ ነው። «የልጅቷ ዕድሜ ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም» አለኝ። አስቡት እስቲ። ስም አለ፣ የካርድ ቁጥር አለ፣ የክፍያ ማኅተም ሁለት ቦታ ተመትቷል፣ ዕድሜ የለም! የአልትራሳውንዱ ግኝት የሚጻፍበት ቦታም ባዶ ነው። እሱ ባይደውል ኖሮ የ11 ዓመት ልጅ ናሙና እንደ አንድ አዋቂ ሰው ሊነበብ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ አንዲት ነገር ብቻ እናትምልህ ብትሉኝ ይቺን ነው የምመርጠው፤ ወላጆች ሆይ፣ ናሙና ስትይዙ ወረቀቱ ላይ የልጃችሁ ዕድሜ መጻፉን እዩ፣ ካልተጻፈ በራሳችሁ እስክሪብቶ ጻፉት። እስክሪብቶ ከሌላችሁ ሱቄ ቸርችል ላይ ነው፣ በነጻ።

ውጤቱ የሚጻፈው ቤተዝዳ በሚባል አሠራር ነው፣ ከ1 እስከ 6። 1 በቂ ያልሆነ፣ 2 ደህና፣ 6 ካንሰር፣ መሀሉ የጥርጣሬ ደረጃ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ቤተ ሳይዳ ነው የምትለኝ? መጻጉዕ 38 ዓመት የተኛባት መጠመቂያ?» አለችኝ። ሳቅንባት። በኋላ ሳነብ ለካ እውነቷን ነው። ስሙ የመጣው ሐኪሞቹ ከተሰበሰቡባት በአሜሪካ ሜሪላንድ ካለች ከተማ ነው፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከዚያችው መጠመቂያ። እናቴ እስካሁን ይህን እየጠቀሰች ትኮራብኛለች። የእኛ ጥበቃ 38 ዓመት ባይሆንም 9 ቀን ነበር፣ ዘጠኙንም አልተኛሁም።

2 መጣ። ደህና።

ግን 2 ማለትም ፋይል ዝጉ ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 የወጣው የዚህ አሠራር አዲስ እትም ለልጆች ለብቻ ቁጥር አስቀምጧል፤ 2 ከተባሉት ልጆች ወደ 6 በመቶ በሚሆኑት ላይ ኋላ ካንሰር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አልትራሳውንድ ይደገማል፣ ካደገች ወይም መልኳን ከቀየረች መርፌውም ይደገማል። 4 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወሬው ሌላ ነበር። አዋቂ ላይ 4 ማለት 30 በመቶ ሥጋት ነው፣ ልጅ ላይ 50 በመቶ። ለዚህ ነው 3 ወይም 4 የተባለ ልጅ መርፌ እየተደጋገመበት ከሚከርም ብዙ ጊዜ የዕጢው ግማሽ ወጥቶ እንዲመረመር የሚመከረው። መርፌ ያላት አቅም እዚህ ላይ ያልቃል። አንዳንዱ ካንሰር ከደህናው የሚለየው ሽፋኑን ጥሶ በመውጣቱ ብቻ ነው፤ መርፌ ደግሞ የግቢውን አፈር ዘግና ታመጣለች እንጂ አጥሩ ይፍረስ አይፍረስ አታይም።

እንግዲህ ለጽሑፋችሁ ያለኝ ማረሚያ ይህ ነው። «አያሳስብም» ከምትሉ «ይታይ» በሉ። ለምርመራ ማዕከላቱም የምለው አለኝ። የልጅ አንገት ስታዩ እባካችሁ አንድ መስመር አትጻፉ፤ መጠኑን በሦስቱም አቅጣጫ፣ ዳሩን፣ ነጥቦቹን፣ የሁለቱንም ጎን ንፍፊት ጻፉ፣ ንፍፊት ካልታየ «አላየነውም» ብላችሁ ጻፉ፣ እሱም መረጃ ነው። መርፌውም በአልትራሳውንድ እየታየ ይሁን። መሣሪያው በየሕንፃው አለ፣ ሠራተኛው አለ፤ የጎደለው አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መቆም ነው። ወጊውና አሳዪው በተለያየ ፎቅ ሆነው ልጅ ሁለቴ ስትወጋ ማየት ያማል። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወላጅ ደግሞ ይብሳል፤ እኔ በእግሬ ሄጄ የምጠይቀውን እሱ አልጋ ተከራይቶ ነው የሚጠብቀው፣ ናሙናው በቂ አይደለም ሲባልም ለሦስት ወር ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ይመለስ አይመለስ ማን ያውቃል።

የእኛ ቀጣይ ቀጠሮ መጋቢት ላይ ነው። ልጄ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆማ እያነበበች ናት። ምላስ ማውጣቷን አጥፋው ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። በምትኩ አንድ ነገር ካላስገባህልኝ ብላለች፦ አልትራሳውንድ የሚያነሱ ሰዎች ጄሉን መጀመሪያ ያሙቁት።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ አባት
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ